ኬላ የማያውቁ ነገሮች

ኅዳር ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አዳራሽ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አስተካክዬዋለሁ። ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ውስጥም ሁለቱን መጨረሻ ላይ አስገብቻለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜን የሚያህል ቀን፣ ሠርጉንም ለቅሶውንም ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ወሬ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላሳያችሁ። ይሄ ታጥቦ በደንብ የደረቀ ጠርሙስ ነው። ፕላስቲክ አይደለም። ይሄ በቆሎ ነው፤ ሐሙስ ዕለት እህል በረንዳ ወርጄ የገዛሁት። ይሄ ደግሞ የወጥ ጨው ነው፤ ትናንት ማታ ምጣድ ላይ አሙቄ አድርቄዋለሁ። በቆሎውን እስከ ጠርሙሱ ሲሶ እሞላለሁ። ጨው ሁለት ሦስት ማንኪያ። እከድነዋለሁ። አሁን ቅቤ እንደሚንጥ ሰው ወዲያ ወዲህ አደርገዋለሁ።

በቃ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይፈልጋል። ስንጨርስ አብረን እናየዋለን።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከ30 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ግማሹን በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ግማሹን በእርዳታ ፕሮጀክት። ልጆቼን ያስተማርኩት በፕሮጀክት ደመወዝ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ውጭ እርዳታ ስናገር ከሩቅ ቆሜ አይደለም።

የምላችሁ ነገር አንድ ነው። እርዳታ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው አንድ ገበሬ ወይም አንድ አገር ብቻውን ሊወጣው የማይችለው ነገር ላይ ሲውል ነው። ኬላ የማያውቅ ነገር ላይ። በሽታ ኬላ አያውቅም። አንበጣ ኬላ አያውቅም። ከወሎና ከጎጃም ተራራ የታጠበ አፈርም ኬላ አያውቅም፤ ለብዙ ዓመት ሱዳን ገብቶ ሮዛሪስ ግድብ ውስጥ ደለል ሆኖ ሲተኛ ኖሯል። ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር አንዱ አገር ከኪሱ ሲያወጣ ጥቅሙን ጎረቤቱም ያገኛል። ለዚህ ነው ሁሉም እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው። ለዚህም ነው የሦስተኛ ወገን ገንዘብ የሚያስፈልገው።

ከዚህ ወጥታችሁ በቤተ መንግሥቱ በኩል ቁልቁል ብትወርዱ የአፍሪካ አዳራሽን ታገኛላችሁ። የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ያለበት ማለቴ ነው። በፈረንጆቹ 1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚያ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ የምጠራው ጉዳዩ የብዙ አገር ስለሆነ ነው። ዓ.ም. ያልኩበት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው።) ያኔ ዋናው ነገር ነፃነት ነበር። አሁን ንግድ ነው። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት 2018 ኪጋሊ ላይ ተፈረመ፤ በ2019 ሥራ ላይ ዋለ። ጥሩ ሰነድ ነው። ግን በሬ በሰነድ አይሻገርም። በሬ የሚሻገረው ጤነኛ ከሆነ፣ ጤነኛ መሆኑን የሚመሰክር ላቦራቶሪ ካለ፣ ምስክርነቱን ደግሞ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ካመነ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ደስታ በሽታ ልንገራችሁ። ወጣቶቹ ምናልባት ሰምታችሁት አታውቁም፤ አለመስማታችሁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ደስታ የከብት በሽታ ነው። ከብቱ ዓይኑ ያለቅሳል፣ አፉ ይቆስላል፣ ከዚያ ያስቀምጠዋል። በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታል። መንጋ ውስጥ ከገባ አብዛኛውን ይጨርሳል። ወደ አገራችን የገባው በ1880ዎቹ መጨረሻ ነው፤ የጣሊያን ጦር በምፅዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር። ይህች ከተማ ያኔ ገና እግሯን እየተከለች ነበር። በሬ አለቀ። የሚያርስ ጠፋ። ድርቅ ተጨመረበት፣ አንበጣም መጣ። ያ ነው ክፉ ቀን የምንለው። አጼ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ አንስተው ቆፍረው ለሕዝቡ አሳይተዋል ተብሎ ተጽፏል። ንጉሥ ዶማ የሚያነሳበት ቀን ምን ዓይነት ቀን እንደነበር አስቡት። በሽታው እኛ ጋ አልቆመም። ቁልቁል እየወረደ እስከ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ።

አሁን እርዳታው የሚገባበት ቦታ ደርሰናል። በ1962 በብዙ ለጋሾች ገንዘብ አንድ የጋራ ዘመቻ ተጀመረ። 22 አገሮች ገቡበት። ከብት በሚሊዮን ተከተበ። እስከ 1976 ድረስ በሽታው ከሞላ ጎደል ጠፋ። ያን ጊዜ ሁሉም አለቀ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ገንዘቡ ቆመ፣ ክትባቱ ቆመ፣ ክትትሉም ቆመ። በሽታው ግን ሁለት ሦስት ስርቻ ውስጥ ተደብቆ ነበር። አንዱ ስርቻ የእኛና የሱዳን አካባቢ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደገና ተነሳ፤ ናይጄሪያ ድረስ መንጋ ፈጀ። የአሥራ አራት ዓመት ልፋት ውኃ በላው።

ሁለተኛው ዘመቻ የተጀመረው በ1986 ነው፤ ዋናው ገንዘብ ከአውሮፓ፣ አመራሩ ከአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ቢሮ። በዚህኛው ዘመቻ ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛ፣ ያለ በረዶ ሳምንታት የሚቆይ ክትባት ተሠራ። ምርምሩ በአሜሪካ እርዳታ የተደገፈ ነበር። ሁለተኛ፣ ራቅ ባሉ አካባቢዎች ክትባቱን የሚሰጡት አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው ሆኑ።

እኔ ያኔ ከትምህርት ቤት የወጣሁ ልጅ ነኝ። አፋር ተመደብኩ። የመንግሥት ቡድን በመኪናና በበረዶ ሣጥን እየሄደ ዓመታት ሞክሮ አልሆነለትም። መኪና የሚደርሰው መንገድ እስካለበት ነው። ከብቱ ደግሞ ሣር እስካለበት ይሄዳል። እና አንድ ሽማግሌ አርብቶ አደር ነበሩ፤ ሠልጥነው መርፌ ይዘዋል። ክትባቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ጨርቁን የፍየል ቆዳ ስልቻ ውስጥ ከትተው፣ በእግር ሁለት ቀን ሄደው ይከትባሉ። መዝገብ አልያዙም። ሲመለሱ እኔ ደብተር ዘርግቼ እጠይቃለሁ። እሳቸው ግን ላሞቹን በመልካቸው፣ በእናታቸው ስም እየጠሩ፣ የትኛዋ እንደተከተበች፣ የትኛዋ እንዳመለጠች ይነግሩኛል። አስተርጓሚው ደከመው፤ እሳቸው አልደከሙም። መጀመሪያ ላይ አልተማሩም ብዬ የሰጋሁት እኔ ነበርኩ። ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው።

በአገራችን የመጨረሻው የደስታ ወረርሽኝ በ1995 አፋር ውስጥ ታየ። ከዚያ ወዲህ የለም። በ2001 ኬንያ ውስጥ በዱር ጎሾች ላይ ታየ፤ በዓለም የመጨረሻው እሱ ሆነ። በ2011 ዓለም በሙሉ ከዚህ በሽታ ነፃ መሆኑ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከምድር ላይ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። አንድ መቶ ዓመት ከፈጀን ጠላት ጋር ነው የተፋታነው። የአፍሪካን የእንስሳት ክትባቶች ጥራት የሚያረጋግጠው ማዕከል ዛሬም ቢሾፍቱ ነው ያለው፤ ከዚህ የአንድ ሰዓት መንገድ። እዚያ በር ላይ ባለፍኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

ይህ ታሪክ የንግድም ታሪክ ነው። በሽታ ካለ ገዢ የለም። በ1998 እና እንደገና በ2000 ሳውዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄድ የቁም ከብት አገደች። እገዳው ለዓመታት ቆየ። የሶማሌ አርብቶ አደር ፍየሏን ይዛ ገበያ ወጥታ ይዛ ተመለሰች። ስኳሩ፣ ሩዙ፣ የልጁ ደብተር ከዚያች ፍየል ነበር የሚወጣው።

አሁን ደግሞ በግና ፍየል ላይ ደስታ መሰል የሚባለው በሽታ አለ። በ2030 ከዓለም ለማጥፋት ዕቅድ ወጥቶለታል። ክትባቱ ጥሩ ነው፤ አንዴ የተከተበ በግ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይጠበቃል። ጥያቄው የ1976ቱን ስህተት እንደግመዋለን ወይ ነው።

ስለ ኬላ ካነሳን ሞያሌን እንይ። ድሮ ሞያሌ ላይ የጭነት መኪና ሁለቴ ይፈተሽ ነበር። እኛ ጋ ወረቀት፣ እነሱ ጋ ወረቀት። ሹፌሩ መኪናው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ ይተኛል። ከዚያ በአብዛኛው በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ የሚያገናኘው መንገድ ተሠራ። የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያውም በ2013 ዓ.ም. ተመረቀ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የሁለቱም አገር ሠራተኞች አንድ ጣሪያ ሥር ይቀመጣሉ፤ መኪናው የሚቆመው አንዴ ነው፣ በሚገባበት አገር በኩል። ሕንፃው ብቻውን ንግዱን እንደማያፋጥነው እስማማለሁ። መብራትና ኔትወርክ ያስፈልጋል፣ ሥልጣን ያለው ሰው ጠረጴዛው ላይ መገኘት አለበት። ግን እንዲህ ያለው ነገር ካልተሠራ ስምምነቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

እና መኪናው የጫነው ምንድን ነው? በቆሎ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። እርጥብ በቆሎ ይሻግታል። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። በዓይን አይታይም፣ በመቀቀልም አይጠፋም። በ2004 በምሥራቅ ኬንያ 317 ሰዎች ታመው 125 ሞቱ። በቤታቸው ያከማቹትን በቆሎ ነው የበሉት። በ2021 መጀመሪያ ደግሞ ኬንያ በዚሁ መርዝ ምክንያት ከዩጋንዳና ከታንዛኒያ የሚገባ በቆሎ አገደች። እገዳው በቀናት ውስጥ ላላ፤ ነገር ግን በነዚያ ቀናት ድንበር ላይ የቆመው በቆሎ የድሃ ገበሬ ነበር። ቀረጥ ዜሮ ቢሆንም ባይሆንም ለእነዚያ ገበሬዎች ምንም አልፈየደም። ያጡት የደረቀ በቆሎና መድረቁን የሚያረጋግጥ ሰው ነው።

ለዚህ ከእርዳታ የተገኘ አንድ ከረጢት አለ። ፒክስ ይሉታል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ካሜሩን ውስጥ የአሜሪካ ተመራማሪዎችና የካሜሩን ባልደረቦቻቸው ካውፒ ለሚባለው ጥራጥሬ ብለው የጀመሩት ነው። ሁለት ወፍራም ላስቲክ ከውስጥ፣ እኛ ማዳበሪያ የምንለው ጆንያ ከውጭ። እያንዳንዱን ላስቲክ ለየብቻ ጠምዝዞ ማሰር ነው። አየር ያልቃል፣ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። ኬሚካል የለውም። ገበሬው እህሉን በመከር ሰሞን በርካሽ ከመጣል ይድናል። ግን እርጥብ እህል ከታሰረበት ምንም አያደርግም። መጀመሪያ መድረቅ አለበት። ለዚህ ነው ጠርሙሱን ያመጣሁት።

ያልሆነልንንም ልናገር። እኔ ራሴ የሠራሁበት አንድ ፕሮጀክት ገጠር ውስጥ የከብት ክሊኒክ ሠርቶ ነበር። በፀሐይ የሚሠራ ፍሪጅ ገባ። ምረቃ ተደረገ፣ በግ ታረደ። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የባትሪው በጀት አብሮ ተዘጋ። ከአራት ዓመት በኋላ በዚያ ሳልፍ ገባሁ። ፍሪጁ ውስጥ የድሮ መዝገብ ተደርድሮበታል። ክትባት የለም። ታፔላው ግን ከነቀለሙ ቆሟል። አሁንም ሳስበው ያመኛል፤ ምክንያቱም ዕቅዱን ከጻፉት አንዱ ነበርኩ፣ ስለ ባትሪው ደግሞ የጠየቀ አልነበረም። አርብቶ አደሩ በስልቻ ይዘውት የሄዱት ክትባት ሠርቶ ይሄ ያልሠራው ለምንድን ነው ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። እሳቸው ጋ ዕውቀቱ ሰው ላይ ነበር። እዚህ ዕቃው ላይ ነበር።

በአካባቢ ጥበቃም ያየሁት ይሄንኑ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በለጋሾች ገንዘብ በሚካሄደው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሕዝቡ እርከን ሠርቷል፣ ክትር ሠርቷል፣ ተራራ ከልሏል። ቦታ ቦታ ላይ እርከኑ በዓመቱ ፈርሷል፤ ለአበሉ ተብሎ ስለተሠራ። ቦታ ቦታ ላይ ደግሞ ምንጭ ፈልቋል። ትግራይ ውስጥ ውቅሮ አጠገብ ያለችው አብርሃ ወአጽብሃ መሬቷ ከመራቆቱ የተነሳ ሰዉ ሌላ ቦታ ይስፈር ተብሎ ነበር። ሕዝቡ አልሄደም፤ ውኃውን ይዞ አስቀረ። በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማት ሰጣቸው። ወላይታ ሁምቦ ደግሞ 2,728 ሄክታር ተራራ ተከልሎ በአብዛኛው ከጉቶ እንዲያቆጠቁጥ ተደረገ። ሥሩ ለካ አልሞተም ነበር። ደኑ የያዘውን ካርቦን፣ የዓለምን አየር የሚያሞቀውን ማለት ነው፣ የዓለም ባንክ ፈንድ ገዛ፤ ክፍያው ለገበሬዎቹ ማኅበራት ገባ። ወፍጮና የእህል መጋዘን ሠሩበት። እርዳታ የሚለው ቃል ለሁምቦ አይመጥንም። ሸጠው ነው ያገኙት።

አሁን ዘመኑ ተለውጧል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ ድንገት ቆመ፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ተዘጋ። ብዙዎቻችሁ በዚያ ሰሞን ሥራ ያጣ ወንድም ወይም እህት አላችሁ። ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፣ አላቃልለውም። የአውሮፓ አገሮችም እየቀነሱ ነው። በ2003 ማፑቶ ላይ የአፍሪካ መሪዎች ከበጀታችን 10 በመቶ ለግብርና እናውላለን ብለው ቃል ገብተው ነበር። አብዛኞቹ አልሞሉትም። እኔ የምፈራው ግን የገንዘቡን ማነስ ብቻ አይደለም። ሲያንስ መጀመሪያ የሚቆረጠው ማንም ባለቤት የሌለው ነገር እንዳይሆን ነው የምፈራው፦ የድንበር ላቦራቶሪው፣ የበሽታ ክትትሉ፣ የአንበጣ ቅኝቱ። በ1976 የሆነው ይኸው ነው። ጥቂት ገንዘብ ከቀረችን በእኔ ግምት መጀመሪያ እነዚህ ላይ ትዋል። ጎረቤት አገሮችም በየዓመቱ የሚያዋጡበት የራሳችን ቋት ይኑር፣ ትንሽም ቢሆን።

እዚህ ላይ ጥያቄ ልቀበል።

አንድ ወጣት ተነሳ። «ጋሼ፣ እርዳታ ራሱ ለማኝ አላደረገንም ወይ?» አለኝ።

ልጄ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። የምግብ እርዳታ በደህና ዓመት ሲመጣ የገበሬያችንን ዋጋ እንደሚጥል አይቻለሁ። ያን አልደግፍም። በክፉ ዓመት ደግሞ ሰው አድኗል፤ በዚያ እህል ያደጉ ሰዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥም ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ስም አንጥራው። ምናለሽ ተራ ብትሄድ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ጣሳ ሆኖ ታገኘዋለህ፤ እጅ ለእጅ የተጨባበጡበት ሥዕል ጎኑ ላይ እንዳለ። አንዲት ቸርቻሪ በዚያ ጣሳ ሽሮ እየሰፈረች ልጅ ታሳድጋለች። ሕዝባችን የተሰጠውን ይዞ ቁጭ አይልም። ጣሳ ያደርገዋል። መጠየቅ ያለብን ምን እንደተሰጠን ነው።

ሁለተኛዋ ጠያቂ ከኋላ የተቀመጡ እናት ነበሩ። እህል ነጋዴ ናቸው። «ዶክተር፣ እኔ እርጥብ በቆሎ አልገዛም ብል ገበሬው ጎኔ ላለው ነጋዴ ይሸጠዋል» አሉ። «የደረቀ ደግሞ ይቀላል። ገበሬው አድርቆ ኪሎው ከሚቀንስበት እርጥቡን ቢሸጥ ይሻለዋል። ማን ነው እንግዲህ የሚያደርቀው?»

እትዬ፣ ከእኔ ንግግር ሁሉ የእርስዎ ጥያቄ ይበልጣል። መልሱ ዋጋ ውስጥ ነው ያለው። ለደረቀ በቆሎ በኪሎ የሚጨምር ገዢ ካልመጣ፣ ከረጢትም ሥልጠናም ገበሬውን አያስደርቀውም። ያ ገዢ ፋብሪካ ሊሆን ይችላል፤ የናይሮቢ ነጋዴም ሊሆን ይችላል፤ ለእርዳታ እህል ከአገር ውስጥ የሚገዛ ድርጅትም ሊሆን ይችላል። የእርዳታ ገንዘብ እህል ከውጭ ከሚያመጣ፣ ከእዚሁ የደረቀውን በጥሩ ዋጋ ቢገዛ ማድረቅ በራሱ ይስፋፋ ነበር። ይህን ለሚመለከታቸው ደጋግሜ ተናግሬያለሁ፣ እናገራለሁም።

አሁን ይምጡና ጠርሙሱን ይዩት።

(መጡ። ጠርሙሱን አንስተው በመስኮቱ ብርሃን አዩት። ጨው ዙሪያውን ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። በእጃቸው መታ መታ አደረጉት፤ አልረገፈም።)

እርጥብ ነው። ደረቅ ቢሆን ጨው አይለጠፍም ነበር።

«ከማን ነው የገዙት?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ሻጩን ያውቁታል። ጠርሙሱን ሰኞ ልወስድለት እችላለሁ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው።